የአባባ ኩርፊያ

ፔምጄ፣ ፓዩኒ 22

ወንድምዓለም ሳራፓሞን፣

እንደምን ከርመሃል? ሚስትህ ዲዲሜ እንዴት ናት? ልጃችሁ ጥርስ አወጣ ወይስ አሁንም ሌሊቱን ሙሉ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል? እኛ ከአባባ ኩርፊያ በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

«አባባ በእጃቸው የማይጽፉልኝ ምን ሆነው ነው?» እያልክ መላልሰህ ጠይቀኸኛል። ምንም አልሆኑም። ምግብ ይበላሉ፣ እንቅልፍ ይተኛሉ፣ ሲያንኮራፉም እንደ ዱሮው ግድግዳ ይነቀንቃሉ። የተለወጠው የሚያድሩበት ቤት ብቻ ነው። ባለፈው «ክር ሊገዙ ገጠር ወርደዋል» ያልኩህ ውሸት ነበር፤ ይቅር በለኝ። አባባ ታስረዋል።

እባክህ ቁጭ በልና ጨርሰህ አንብብ። የደበቅኩህ ጠባይህን ስለማውቅ ነው። ሰምተህ ጀልባ ላይ ዘለህ ብትመጣ ሁለት እስረኛ የማበላው እኔው ነኝ።

የንጉሡ ትእዛዝ እናንተም ጋ ተነቧል መቼም፦ ሰው ሁሉ በየተራው መቅደስ እየሄደ ለአማልክት ዕጣን እንዲያጨስ፣ ከመሥዋዕቱ ሥጋ እንዲቀምስ፣ ከዚያ ማጠኑን የሚመሰክር ወረቀት ተቀብሎ ቤቱ እንዲገባ። የእኛ ሰፈር ተራ ሲደርስ አባባ ጺማቸውን አበጥረው ተነሡ። «ወዴት ነው?» ብላቸው «ሰልፍ ልይዝ» አሉኝ። እውነትም ከፀሐይ ጋር ተሰልፈው ዋሉ። ተራቸው ሲደርስ «ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ አላጥንም። ቤት ለቤት ስትፈልጉኝ እንዳትደክሙ ብዬ ነው የመጣሁት» አሏቸው። ጸሐፊው ጥሩ ሰው ነው፤ «ሽማግሌ፣ አንዲት ቁንጣሪ እኮ ናት» አላቸው። አባባ ደግሞ «አንዲት ቁንጣሪ ከሆነች ብትቀርባችሁስ ምን ይጎዳችኋል?» አሉት። ከሰልፉ ውስጥ የሳቀ ነበር። ወታደሩ ግን አልሳቀም።

ከኋላቸው ቆሞ የነበረው ማን መሰለህ? ኮፕሬስ! አያታችን ከቆሻሻ ክምር ላይ አንስታ ከአባባ ጋር ጡት ያጠባችው ኮፕሬስ፤ አጎቴ እያልን ያደግነው፤ በሰርጌ ቀን እንግዳው ሁሉ በተቀመጠበት «ሆርዮን፣ ጠላህ ኮምጧል» ብሎ አባባን ያዋረደው ኮፕሬስ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ በአንድ መንገድ እንደማይሄዱ ታውቃለህ። ወንድሙን እየጎተቱ ሲወስዱት እያየ ዕጣኑን ቆንጥሮ ጣለ፣ ሥጋውን ዋጠ፣ ወረቀቱን ይዞ ዞር ሳይል ሄደ። ቤተ ክርስቲያን ከእኛ ጋር የሚቆርብ ሰው! የልጅ ልጆቹን ፈርቶላቸው ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ከእንግዲህ አጎቴ አልለውም።

ስለ ምግባቸው አትጨነቅ። የእኛ ሰዎች እስረኛ አገኘን ብለው ዳቦውን፣ ምስሩን፣ ተምሩን ተሸክመው ይጎርፋሉ። አባባ ከሌቦቹ ጋር ካልተካፈሉ አይበሉም። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ እህል የሚገባው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ስለሆነ ሌቦቹም ሳይወዱ በግድ ጿሚ ሆነዋል። አሞናስ የሚባለው የእስር ቤቱ ጠባቂ፣ ጡረታ የወጣ ወታደር ነው፤ እሱም አብሮ ይበላል፤ እኛ ከመጣን ወዲህ ሚስቱ ምጣድ አልጣደችም አሉ።

የሚያስፈራኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። አገረ ገዢው በቅርብ ይመጣል። ፊቱ ቀርቦ እንቢ ያለ ወይ ወደ ድንጋይ መፍለጫው ይላካል ወይ በሰይፍ ነው። አባባ እንቢ እንደሚሉ አንተም እኔም እናውቃለን።

ጸልይ። አትምጣ።

እህትህ ታኤሲስ


እስክንድርያ፣ ኤፔፍ 14

እታለም፣

ደብዳቤሽ ብርጭቆ ስነፋ ደረሰኝና አንድ የአሠሪ ጌታዬን ብርጭቆ ሰበርኩ፤ ሁለተኛውን ደግሞ የሰልፉን ነገር ሳነብ ስስቅ ሰበርኩ። አልቆጣሽም። እኔም ብሆን እደብቅ ነበር።

ስለ ትእዛዙ ያልሽውን ልመልስ። አዎ፣ እኛም ሰፈር መጥተው ነበር። ጌታዬ ጣዖት አምላኪ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ግን ከአማልክቱም በላይ ሥራውን ይወዳል። ወታደሮቹን በር ላይ ተቀብሎ ለእያንዳንዳቸው ሰማያዊ ዋንጫ ሰጣቸውና «ይኼ ልጅ ከምድጃው ከተነሣ የሚቀጥለው ይሰነጠቃል፤ ሌላ ቀን ኑ» አላቸው። ሌላ ቀን መጡ፤ ሌላ ዋንጫ ወሰዱ። እንዲህ እያልን አለን። ለሰፈሩ ወታደር የሚሆን የጠጅ ዋንጫ መንፋት ሆኗል ሥራዬ።

ዲዲሜ ለጠባቂው ይሆናል ብላ አንድ እንስራ ጨው ዓሣ ልካለች። እጅግ ምርጡን ነው፤ ያን አፍንጫ ረጅሙን።

ኮፕሬስ ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ ወይ? ይምጣ እንጂ! ላጠኑት ክርስቲያኖች ሁሉ እኮ አሁን ተስፋቸው የታሰሩት ናቸው። ስለ እምነቱ የታሰረ ሰው ከማለደላቸው ነገ ጳጳሱ ጨክነው ከቤተ ክርስቲያን አያስቀሯቸውም። ደግሞም የአባባና የእሱ ነገር እንዲህ ሆኖ መቅረት የለበትም። እርቅ ይውረድ እታለም፤ አደራሽን።

ሳራፓሞን


ፔምጄ፣ መሶሬ 9

ወንድምዓለም፣

በመጀመሪያ ስለ ዓሣው። ዲዲሜ የእስክንድርያ ልጅ ናት፣ አትወቀስም። አንተ ግን እዚህ ተወልደህ አድገህ ረጅም አፍንጫውን ዓሣ ለፔምጄ ሰው ትልካለህ? አሞናስ እንስራውን ሲከፍት ዓይኑ ፈጠጠ። «አምላኬን በጨው አሽተሽ ልታበይኝ ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። አቅፎ ወስዶ ከነሙሉ ክብሩ ወንዝ ዳር ቀበረው፤ እኔንም ለቀብሩ እንድቆም አደረገኝ። ለዲዲሜ ዓሣው ተወደደ በላት። ውሸትም አይደል።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር። አዎ፣ አገረ ገዢው መጥቶ ነበር። አዎ፣ ሄዷል። አባባም አሉ!

እንዴት እንደሆነ ከአሞናስ አፍ እንደሰማሁት ልንገርህ። በጠዋት ገብቶ «ሆርዮን ሸማኔው፣ ውጣ፣ ተራህ ነው» ይላል።

አባባ «ዛሬ አይመቸኝም» ይሉታል።

«ምን አልክ?»

«የተጣላሁት ሰው አለ። በእኛ ዘንድ ከወንድሙ ጋር የተኮራረፈ ሰው መባውን ይዞ አይቀርብም፤ ቀድሞ ይታረቃል። እኔ የማቀርበው መባ ራሴን ነው። በዚህ ኩርፊያ ብቀርብ ተቀባይነት የለውም፤ በከንቱ መሞት ነው። የሚቀጥለው ጊዜ ይሁንልኝ።»

አሞናስ «ስንት ጦርነት አይቻለሁ፤ ለመሞት ቀጠሮ የሚያስለውጥ ሰው ግን አላየሁም» አለኝ። ከዚያ ምን አደረገ መሰለህ? ሌላውን ጠርቶ ወጣ። እስረኛው ብዙ ነው፣ ጸሐፊዎቹም ቸኩለው ነበር፤ አንድ ሸማኔ ቀረ ብሎ የጠየቀ የለም። «ሽማግሌው ከሄደ ምስሩ ይቀራል» ብሎ ሲስቅ ልቀፈው ምንም አልቀረኝም።

አባባ ግን ቀልዳቸውን አይደለም። በማግስቱ ለኮፕሬስ ሰው ላኩበት፦ «ና እንታረቅ፤ እኔ መንገደኛ ነኝ።» የላከውን መልስ ብትሰማ! «ይቅርታ የሚፈልግ ካለ ቤቴ ይምጣ» አለ። መታሰራቸውን እያወቀ! አባባ ሌሊቱን ሙሉ ሲብሰለሰሉ አደሩ። ያጠኑት ሁሉ በእስር ቤቱ መስኮት ሥር እያለቀሱ «አማልደን» ሲሉ ይውላሉ፤ እኔ በሰው መካከል አልፌ ምስር ማቀበል አቅቶኛል። እሱ ብቻ የለም። እንዲህ ያለ የደረቀ ልብ አይቼ አላውቅም፣ ወንድሜ። አያታችን ቀና ብላ ብታየው ምን ትል?

ሰላም ለሁላችሁ። ሌላው ዓሣ ግን ይበላል።

ታኤሲስ


እስክንድርያ፣ ሐቶር 20

እታለም፣

ደብዳቤሽ ከጎርፉ ጋር ተንገላቶ ደረሰ። ለዓሣው አፍሬያለሁ፤ ዲዲሜ እስካሁን ትስቅብኛለች።

በነገሩ ግን ብዙ አሰብኩበት። አባባ እዚያ ቁጭ ብለው በኩርፊያ ሲቃጠሉ ማሰብ እንቅልፍ ነሳኝ። ሁለት ነገር አድርጌያለሁ። አንደኛ፣ ለኮፕሬስ ከዚህ ገበያ የተገኘ ውብ ነጠላ በአባባ ስም ልኬለታለሁ፤ ልቡ ድንጋይ ቢሆን እንኳን ይለሰልሳል። ሁለተኛ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለአባባ የጻፍኩትን ስጪልኝ። እዚህ ያሉትን አንድ ሊቅ ካህን ጠይቄ ነው የጻፍኩት። ሌላው ሰው እንቢ ቢል እንኳን አንተ ከልብህ ይቅር ካልክ እርቁ ከአንተ በኩል ሙሉ ነው፣ ይላሉ። አባባ እንግዲህ በልባቸው ይቅር ይበሉትና ነፍሳቸው ትረፍ።

እንዲህ ያለ ጥሩ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ለዲዲሜ አነበብኩላትና አለቀሰች።

ሳራፓሞን


ፔምጄ፣ ጦቢ 3

ሳራፓሞን!

ሰላምታውን ተወው። ምን ብለህ ነው የጻፍከው?

አባባ ደብዳቤህን ለእስረኞቹ ሁሉ ጮክ ብለው አነበቡት። አለቀሱ። «ይቅር ብዬዋለሁ። አለቀ። ልጄ አስተማረኝ» አሉ። ጸጉራቸውን አስተካከሉ፣ ታጠቡ፣ ለፋሲካ የሚለብሱትን ነጩን ልብስ አምጪልኝ አሉኝ። የአገረ ገዢው ጀልባ ትናንት ወደቡ ላይ ታስሯል። ነገ ተራቸው ነው። አሞናስ ጥግ ወስዶ «ሽማግሌውን አንድ ነገር በይው እንጂ» ይለኛል፤ ዓይኑ ቀልቷል።

ሴቶቹ «እልል በዪ፣ አባትሽ በደማቸው ሊመሰክሩ ነው» ይሉኛል። እኔም ክርስቲያን ነኝ፣ እውነት መሆኑን አውቃለሁ። እልል ማለት ግን አልቻልኩም። አባቴን እፈልጋቸዋለሁ። ነጩን ልብስ ይዤ ወደ እስር ቤቱ ሄድኩ።

መንገዴ በኮፕሬስ ደጅ ነው። ገብቼ ጮኽኩበት። «ደስ ይበልህ! ሰው ልከው ናቅኻቸው፣ አሁን እንዲሁ ይቅር ብለውሃል። ነገ ይሄዳሉ። ከእንግዲህ ስለ ጠላ የሚጣላህ የለም!» አልኩት። ሽበቱን እያከከ አየኝ። ፊቱ ግን አመድ መሰለ። ትቼው ወጣሁ።

ጀልባው ሊነሣ ነው። ጸልይ።


ፔምጄ፣ ጦቢ 5

ወንድምዓለሜ፣ የኔ ሊቅ፣

ባለፈው ስለጮኽኩብህ ይቅርታ። አባባ አሉ። አሉ! መጀመሪያ ይኼን ጻፍኩልህ፤ አሁን ተረጋግተህ አንብብ።

ትናንት ጠዋት ነጩን ልብስ ለብሰው፣ ፊታቸው እንደ ሙሽራ አብርቶ ተቀምጠዋል። ሌቦቹ አንድ በአንድ እየመጡ ጉልበታቸውን ይስማሉ። አሞናስ ቁልፉን ይዞ በር ላይ ይንቆራጠጣል። እኔ መስኮቱ ሥር ነኝ። በዚህ መሃል ሰዉን እየገፋ ማን ይመጣል? ኮፕሬስ። አባባ ካዩት ስንት ጊዜያቸው!

«ሆርዮን!» አለ በመስኮቱ።

አባባ ብድግ አሉ። «ኮፕሬስ፣ ወንድሜ፣ መጣህ! ይቅር ብዬሃለሁ።»

«ምኑን ነው ይቅር ያልከኝ?»

«የጠላውን ነገር ነዋ።»

«ስለ ጠላው ምን አጠፋሁ? ኮምጧል አልኩ፤ ኮምጦ ነበር።»

«ተው ኮፕሬስ። ዛሬ ቀኑ አይደለም።»

«ቀኑማ ነው! ሰው ሳይሞት እውነቱን ይወቅ። መኮምጠጥ ብቻ አይደለም፣ ዝንብ ቀምሶት ሞቶበታል! ልጅህን በዚያ ጠላ ዳርሃት እስከ ዛሬ ባሏ ሆዱን ያመዋል!» (ባለቤቴን ምንም አይነካውም፤ ያኔም አልነካውም።) «ነጠላ ልከህልኛል። አህያዬ ላይ ጣልኩት። አህያዋ አፈረች!»

እስረኛው ሁሉ መሳቅ ጀመረ። አባባ «ይቅር... ይቅር ብዬሃለሁ» ይላሉ በጥርሳቸው መሃል።

«ቆይ ልጨርስ። እናትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጠላ መጥመቅ ታውቅ ነበር። አንተ ግን ምኗንም አልወረስክ!»

በቃ። አባባ የምስሩን ጎድጓዳ ሳህን አንስተው በመስኮቱ ወረወሩት። «አንተ ከጉድፍ የተለቀምክ! የእናቴን ጡት የጠባህ ከሀዲ! አሞናስ! አሞናስ! ዛሬ አልሄድም! ይኼን ሰው ሳልታረቅ፣ አይ፣ ይኼን ሰው ሳላሳየው የትም አልሄድም በላቸው!» አሞናስ ከዚያ በፊት እንደዚያ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። ለጸሐፊው «ሸማኔው አብዷል፣ ምስር ይወረውራል» ብሎ ነገረው፤ ጸሐፊውም ለራሱ ልብስ ሰግቶ ራሱን ነቀነቀና ወደሚቀጥለው አለፈ። ማታ ላይ የአገረ ገዢው ጀልባ ወንዙን ሽቅብ ሄደ።

እኔ ግን ኮፕሬስን ላንቀው ተከትዬው ሮጥኩ። ከእስር ቤቱ ጀርባ፣ ተምሩ ሥር፣ ምስሩ ከጺሙ እየተንጠባጠበ ተቀምጦ ያለቅሳል። እንደ ሕፃን ነው የሚያለቅሰው፣ ወንድሜ። ያኔ ገባኝ። ቆሜ ቀረሁ።

«ሆርዮን ሄደ?» አለኝ።

«አልሄዱም» አልኩት።

«ተመስገን» አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ቆይቶ ደግሞ «ለእሱ እንዳትነግሪው። እኔን ካልታረቀኝ አይሞትም። ጠባዩን አውቀዋለሁ፤ አንድ ጡት ነው የጠባን። ያን ቀን ሰው ሲልክብኝ ሮጬ ልሄድ ጫማዬን አድርጌ ነበር። ከዚያ ነገሩ ገባኝና ጫማዬን አወለቅኩ» አለኝ።

«እርስዎስ?» አልኩት። «ያጠኑት ሁሉ አባባን እየለመኑ ነው። እርስዎን ማን ያማልድዎት?»

«የእኔ ይቆየኝ» አለ። «እጄ አሁንም ዕጣን ዕጣን ይሸተኛል። እሱ ይኑር እንጂ እኔ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ብቆም ምናለበት?»

እጃቸውን ሳምኳቸው። ምስሩን ከጺማቸው ጠረግኩላቸው። አጎቴ አልኳቸው ሳራፓሞን፤ ካልኩ ስንት ጊዜዬ ነው! ስንት ስም ስሰጣቸው ከረምኩ መሰለህ።

እንግዲህ አደራህን፣ ከእንግዲህ ለአባባ ጥሩ ደብዳቤ እንዳትጽፍ። መጥፎ መጥፎውን ጻፍ።

ታኤሲስ


እስክንድርያ፣ ሜኪር 12

እታለም፣

አንብቤ ስጨርስ ከምድጃው ፊት መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አባቴን በጥሩ ምክር ልገድላቸው ነበር። ለሊቁ ካህን ሄጄ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ አጎትህ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ» አሉኝ።

ለአባባ እንዳዘዝሽኝ ጻፍኩላቸው። «ኮፕሬስ እስከ እስክንድርያ ድረስ ስምዎን ያጠፋል፤ ወደቡ ላይ ሁሉ ስለ ጠላዎ ይወራል» አልኳቸው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ግማሹ እንኳን እውነት እንዲሆን ብዬ ለአንድ ቀዛፊ አወራሁለት።

ለአጎቴ ኮፕሬስ ንገሪልኝ፦ ስድብ ቢያልቅባቸው ይላኩብኝ። የእስክንድርያ ወደብ ሠራተኞች ባሉበት የሚኖር ሰው ስድብ አይቸግረውም። ነጠላውንም ለአህያዋ መርቄያለሁ።

ስለ እኔ ከጠየቅሽ፣ አዎ፣ ወታደሮቹ እንደገና መጥተው ጌታዬ ጋ ችግር ነበር። አለፈ። አትጨነቂ። ስንገናኝ አጫውትሻለሁ።

ሳራፓሞን


ፔምጄ፣ ፓኦፒ 17

ወንድምዓለም፣

ሰላም ለአንተ፣ ለዲዲሜ፣ ለዚያ ጥርሳም ልጃችሁ። ጣትህ ድኖ ብርጭቆ መንፋት መጀመርህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ጣትህ ለምን እንደተሰበረ ግን ስትመጣ በአፍህ ትነግረኛለህ፣ አልለቅህም።

ንጉሡ በሩቅ አገር ጦርነት ረግረግ ውስጥ ሞቶ መቅረቱን የነገርከኝ ደብዳቤ እዚህ ወሬው ሳይደርስ ቀድሞ ነው የገባው። ከዚያ ቀስ በቀስ የእስር ቤቱ በር ተከፈተ። አባባ የወጡ ቀን አሞናስ በር ድረስ ሸኛቸው። «ሽማግሌ፣ ተመልሰህ ብትመጣ ቦታህ አለ» አላቸው። ሚስቱ ምጣድ እንደገና መጣድ ተምራለች።

አባባ እንዴት ናቸው ብለሃል። ቀጭነዋል፣ ሲራመዱ ግድግዳ ይይዛሉ፤ አፋቸው ግን ምንም አልሆነም። አሁን የቤተ ክርስቲያኑን በር ነገር ልንገርህ፣ ስንት ሳምንት ከተማው ያወራው እሱን ነው።

ጳጳሳችን ከተደበቁበት ተመልሰው የመጀመሪያው እሑድ ሁሉም ሰው ተሰበሰበ። ለአባባ ከካህናቱ ጎን ወንበር ተዘጋጅቷል፤ ስለ ታሰሩ ክብራቸው ነው። ያጠኑት ደግሞ እንደ ንስሐ ሥርዓቱ ከበሩ ውጭ ቆመዋል፤ ገና ዓመታት ይቆማሉ ተብሏል። መጨረሻ ላይ፣ ግድግዳውን ተጠግተው፣ አጎቴ ኮፕሬስ። አባባ እየተደገፉ መጡ፣ በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፣ ከኮፕሬስ አጠገብ። ቆሙ፣ ቆሙ። አይገቡም።

ጳጳሱ ራሳቸው መጡ። «አባ ሆርዮን፣ ወንበርዎ እየጠበቀዎት ነው።»

«አልገባም አባቴ። ተኮራርፌያለሁ።»

«ከማን ጋር?»

«ከዚህ ጋር» አሉ በክርናቸው እየጠቆሙ። «ጠላህ ኮምጧል ብሎኛል።»

«ታዲያ ታረቁና ግቡ።»

«እርቅ እንዴት ይሆናል? በሰላም መሳም ነው። በር ላይ የቆመ ሰው ደግሞ በሰላም አይሳምም ብላችኋል። ሳልስመው አልታረቅም፤ ሳልታረቅ አልቀርብም። ለአገረ ገዢው እንኳን ያልቀረብኩት በዚህ ነው። ለጌታዬ ገበታ በኩርፊያ እቀርባለሁ?»

አጎቴ ኮፕሬስ «ግባ አንተ ግትር!» ይሏቸዋል በሹክሹክታ። አባባ «ዝም በል አንተ፤ ተጣልተናል» ይላሉ።

በዚያ እሑድ አልገቡም። በሚቀጥለውም አልገቡም። ወንበሩ ባዶውን ነው። ሰው ከውስጥ አንገቱን እያሰገገ ያያቸዋል፤ መዝሙር ሲደርስ ሁለቱም ከውጭ ሆነው ይመልሳሉ፣ አንዱ ከአንዱ ድምፅ በላይ ለማውጣት እየተሽቀዳደሙ። በዝናብ ቀን ሳይቀር ቆሙ፤ ያቺን ከእስክንድርያ የላክሃትን ነጠላ ለሁለት ተከናንበው፣ የአህያ ሽታዋን እንደያዘች። በመጨረሻ አንድ እሑድ፣ የሰላም መሳሙ ሰዓት ሲደርስ፣ ጳጳሱ ከመቅደሱ ወረዱ፣ በሕዝቡ መካከል አልፈው ወደ በሩ መጡ። ሁሉም ዝም አለ። አጎቴ ኮፕሬስን ያዟቸውና ሳሟቸው። «አባ ሆርዮን፣ አሁን ምን ይጎድላል?» አሉ። አባባ በኮፕሬስ አንገት ላይ ተጠመጠሙ፤ ሁለት ሽማግሌ አብረው ሊወድቁ ሲሉ ነው የያዝናቸው። ያን ቀን እልል አልኩ፣ ሳራፓሞን። ድምፄ እስኪዘጋ ነው እልል ያልኩት።

ማታ ቤታችን ተሰበሰብን። አባባ በእጃቸው የጠመቁትን ጠላ ቀዱ፤ ለኮፕሬስ ሰጡና ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ ማየት ጀመሩ። አጎቴ ኮፕሬስ ጠጡ። ዋጡ። «ግሩም ነው» አሉ።

አባባ ማዕዱን መቱት። «ለንጉሡ ዋሸህ፣ ይሁን፣ ፈርተህ ነው። አሁን ደግሞ ለእኔ ትዋሻለህ?»

«እሺ፣ ኮምጧል።»

«አዎ ኮምጧል!» አሉ አባባ፤ ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

እንግዶቹ ሲሄዱ አባባን ወደ መኝታቸው እየደገፍኩ፣ ከዚህ በላይ መደበቅ ከበደኝና «አባባ፣ ያን ቀን በመስኮቱ አጎቴ ኮፕሬስ ያሉትን ሁሉ...» ብዬ ጀመርኩ።

«አውቃለሁ» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ምስሩን ከወረወርኩበት በኋላ ቀና ብዬ አየሁት። አፉ ይሳደባል፣ እንባው ጺሙን እያረጠበው ነው። አብሮኝ ያደገ ሰው ሲያለቅስ ጠፍቶኝ ያውቃል እንዴ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ከልብዎ ከታረቁት፣ ያን ቀን እኮ...»

አልጋቸው ላይ ተቀመጡ። ጫማቸውን ሳወልቅላቸው «ነጩን ልብስ እንደለበስኩ መሄድ እችል ነበር፤ ልቤም ፈልጎ ነበር» አሉ። «ግን እኔ ብሄድ፣ ልጄ፣ በሩ ላይ ከእሱ ጋር ማን ይቆማል?»

ካልሲያቸውን አወለቅኩላቸው፣ ብርድ ልብሳቸውን አለበስኳቸው፤ ወዲያው ማንኮራፋት ጀመሩ።

ሁሉም ሰላም ይሉሃል። አጎቴ ኮፕሬስ ለአህያዋ ነጠላ ምስጋናቸውን ልከዋል። ጠላው ግን፣ ወንድሜ፣ በእውነት ኮምጧል። እናንተ ጋ ጥሩ ገብስ ካለ በመጀመሪያው ጀልባ ላክልን።

እህትህ ታኤሲስ